በሦስት ቁራጭ የተሞላው ወርቅ

ኃላፊዋ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መነጽሯን አወለቀች። መነጽሯን የምታወልቀው ደስ የማይል ነገር ልትናገር ስትል መሆኑን በጥገና ክፍሉ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«እስኪ እያቸው፤» አለች።

ጠጋኟ አጎንብሳ አየች። ሁለቱም የአንድ ገጽ ፎቶዎች ናቸው። ገጹ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የብራና የጸሎት መጽሐፍ አሥራ አራተኛ ቅጠል ነው። በገጹ ራስጌ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ፊደል አለ። ፊደሉን ቀይና አረንጓዴ ሐረግ ይጠመጠምበታል፤ በፊደሉ ሆድ ውስጥ አንዲት ወፍ ክንፏን ዘርግታ ቆማለች፤ ከወፏ ጀርባ ያለው ሜዳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ወርቅ ነው። አንደኛው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ሲሆን የተነሳው ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ነው። በዚያኛው ላይ ከወፏ ግራ ክንፍ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ተልጣ ባዶው ብራና ይታያል። ሁለተኛው የተነሳው ባለፈው ሳምንት ነው። በእሱ ላይ ከክንፉ ሥር ምንም ጉድለት የለም።

«እዚህ ወርቁ የለም። እዚህ አለ፤» አለች ኃላፊዋ ጣቷን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረች። «ወርቅ ደግሞ እንደ ጥፍር ተመልሶ አይበቅልም።»

«አይበቅልም።»

«መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በነዚህ ሁለት ፎቶዎች መካከል በዚህ ቅጠል ላይ የተሠራ አንድ ሥራ ብቻ ነው የተጻፈው። ከአራት ዓመት በፊት ያንቺ ነው። 'የተነሳው ሰማያዊ ቀለም በስድስት ቦታ በቀጭን ሙጫ እንዲተኛ ተደርጓል' ይላል። ስለ ወርቅ አንድ ቃል የለም።»

«ወርቁን አልነካሁትም።»

በዚህ ክፍል ውስጥ ሥራ የጀመረ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው አንድ ሕግ አለ፦ የጎደለ ወርቅ በወርቅ አይሞላም። ጉድለቱ ለዓይን እንዳይቆረቁር ቢፈለግ እንኳ ደብዘዝ ባለ ቀለም ይሸፈናል፤ ከክንድ ርቀት ሲያዩት ገጹ ሙሉ ይመስላል፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት የጥንቱ የቱ ጋ እንዳበቃና የጠጋኙ የቱ ጋ እንደጀመረ ይለያል። የተሠራው ሁሉ ይጻፋል። ሠርቶ ያልጻፈ ሰው ከጠረጴዛው ይነሳል። ተነስቶ የሚሄደው ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን ነው፤ እዚያ ሥራው የካርቶን አቧራ መጥረግ ነው።

«አንድ ሌላ ነገር አለ፤» አለች ኃላፊዋ። «ፎቶ ያነሳው ባለሙያ መብራቱን ከጎን አድርጎ አይቶታል። ወርቁ በድንጋይ ሲለሰልስ የተፈጠሩት ጭረቶች በጥንቱ ወርቅ ላይ ወደ ቀኝ ያጋድላሉ። ከክንፉ ሥር ያሉት ወደ ግራ። የሠራው ሰው ግራኝ ነው።»

ጠጋኟ ሳታስበው ግራ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። በክፍሉ ውስጥ በግራ የምትሠራ እሷ ብቻ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ግራዬ» ነው የሚሏት።

«እኔ አንቺ ነሽ አላልኩም። ወረቀቱ ነው የሚለው፤» አለች ኃላፊዋ ቀስ ብላ። «ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይሰበሰባል። መጽሐፉ ለኤግዚቢሽን ከመውጣቱ በፊት ይህ መዘጋት አለበት። እስከዚያ የምትዪውን በጽሑፍ አቅርቢ።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ጠጋኟ ቅጠሉን በማይክሮስኮፕ ለማየት ፈቃድ ጠየቀች። ሌላ ሰው አብሯት እስካለ ድረስና በእጇ እስካልነካችው ድረስ ተፈቀደላት። አብሯት እንዲቀመጥ የተመደበው ጠራዡ ነው። ጠራዡ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው።

«ስሚ ግራዬ፣ ዘበኛ አድርገውኛል፤» አለ ወንበሩን እየሳበ። «ወርቁን ልሰህ እንዳትውጠው ብትይኝ ይሻላል፤ ቁርስ አልበላሁም።»

«ዝም በል፤ ልይበት።»

«እይ፣ እይ። እኔ አለሁ አልልም።»

መብራቱን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ እያደረገች አየች። ጭረቶቹ እውነትም ወደ ግራ ያጋድላሉ። በቀኝ እጁ ወርቅ የሚያለሰልስ ሰው ክርኑን ዘርግቶ ድንጋዩን ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ይጎትታል፤ እነዚህ ግን ከታች ቀኝ ተነስተው ወደ ላይ ግራ የሚሄዱ ናቸው። ይህንን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች። አጉልታ ስታይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጭረት ጎን፣ ሁልጊዜ በአንድ ርቀት፣ ከፀጉር የቀጠነች ሌላ መስመር አገኘች። ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ ብዙ አሰበች። ይህች መስመር የምትመጣው ማለስለሻ ድንጋዩ ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተሸረፈ ነው።

ሦስተኛው ነገር ግን አልገባትም። ጉድለቷ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። እንዲህ ያለችውን ቦታ ማንም ጀማሪ በአንድ ቁራጭ ስስ ወርቅ ይሸፍናታል። እዚህ ግን ወርቁ በሦስት ቁራጭ ተከፍሎ ነው የተጣፈው፤ መጋጠሚያዎቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበዋል። ወርቁ የተለጠፈበት ከጀሶ፣ ከሙጫና ከማር የተዘጋጀው ንጣፍ ግን በአንድ ጊዜ የተቀባና አንድ ወጥ ነው። ንጣፉን በአንድ ጊዜ አሳምሮ የቀባ ሰው ወርቁን ለምን ቆራርጦ ያስቀምጠዋል?

«ተመልከት፤» አለች ለጠራዡ ቦታውን ለቃለት። «መጋጠሚያው ውስጥ አቧራ አለ። ጠቁሯል። የአራት ዓመት አቧራ እንዲህ አይጠቁርም።»

ጠራዡ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። «እውነትሽን ነው። ግን ኮሚቴ ፊት አቧራ ቆሞ ሲመሰክር አይቼ አላውቅም።» ከዚያ ቀልዱን ተወና፣ «ይሄ እንዴት ያምራል በይ! ማን ነው ግን?» አለ።

እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ከሥራ መነሳቱ ያስፈራታል፤ ከዚያ ይበልጥ ግን ያንገበገባት ሌላ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከዚህ ቅጠል አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አፍንጫዋን ደቅና አሥራ አንድ ቀን ተቀምጣለች። አላየችውም። ሰማያዊውን ስትጠግን ከጎኑ የነበረውን የጥገና ወርቅ የአምስት መቶ ዓመት ወርቅ አድርጋ አልፋዋለች።

ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት በዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረው አባቷ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ፎቶው የክፍሉ በር አጠገብ ተሰቅሏል። በመዝገቡ ላይ በእጁ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ከክንፉ ሥር ወርቅ ጎድሏል። ጉድለቱ እንዳለ እንዲቆይ።» አባቷ የሚሠራው በቀኝ እጁ ነው። ደግሞም በወርቅ አትሙሉ የሚለውን ሕግ ለኃላፊዋም፣ ለጠራዡም፣ ለእሷም ያስተማረ እሱ ነው።

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች።

አባቷ መስኮቱ አጠገብ ጋዜጣውን ዘርግቶ በማጉያ መነጽር እያነበበ ነበር። እናቷ ከፊት ለፊቱ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠርዙን ትሰፋለች። እናቷ በወጣትነቷ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ብራና ሰፊ ነበረች። ሥራዋ የተጠገኑትን ቅጠሎች በመርፌና በክር መልሶ መስፋት ብቻ ነበር፤ ቀለምና ወርቅ መንካት ለሰፊዎች አይፈቀድም። ልጇ ከተወለደች በኋላ ሥራውን ተወች።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?» አለች እናት ገና በሩ ሲከፈት። «ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ።»

«እንግዲያው ተቀመጪና አውሪ። ፊትሽን ሳይ መርፌው ሊወጋኝ ነው።»

ጠጋኟ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች። ፎቶዎቹን፣ መዝገቡን፣ ወደ ግራ ያጋደሉትን ጭረቶች፣ የዓርቡን ኮሚቴ። አባቷ ሲሰማ ማጉያውን ከጋዜጣው ላይ አላነሳም፤ ዓይኑ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሟል።

«አባዬ፣ አንተ 'ጉድለቱ እንዳለ እንዲቆይ' ብለህ ጽፈሃል። ከዚያ በኋላ ማን ነካው?»

«እኔ የጻፍኩትን ጽፌያለሁ።»

«እሱንማ አነበብኩት። ማን ነካው ነው ያልኩህ?»

«የጻፍኩት እውነት ነው፤» አለና ጋዜጣውን ገለበጠ። የገለበጠው ወደ ኋላ ነበር፤ አንብቦ ወደ ጨረሰው ገጽ።

ከሥራዋ ልትነሳ እንደሆነ ነግራው አባቷ መልስ ነፈጋት። ዓይኗን ከእሱ ላይ አንስታ ወዴት እንደምታደርገው ጠፋትና እናቷን ማየት ጀመረች። እናቷ የሰፋችውን ጠርዝ አጥፋ በትንሽ ድንጋይ እየተጫነች ታስተኛዋለች። ይህንን ድንጋይ ጠጋኟ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሁልጊዜ በስፌት ሳጥኑ ውስጥ ከክሮቹ ጋር ነው ያለው፤ የአውራ ጣት ያህል፣ ማር የመሰለ ቀለም ያለው፣ ከእንጨት እጀታ ጋር የታሰረ። «ለዚህች ብዬ ካውያ ጋ ማን ይነሳል» ትላለች እናቷ ሁልጊዜ።

እናቷ ድንጋዩን በግራ እጇ ይዛ ነበር። ከታች ቀኝ ወደ ላይ ግራ ትጎትተዋለች። በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ድንጋዩ ያለፈበት መንገድ አብረቀረቀ፤ ከእሱ ጎን ደግሞ አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች።

ጠጋኟ ተነሳች። «እማዬ፣ እስኪ እሱን ስጪኝ።»

«ምኑን?»

«ድንጋዩን።»

ወደ መስኮቱ ወስዳ ከአባቷ እጅ ማጉያውን ተቀበለችና አየችው። ጠርዙ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰች ስባሪ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንን ድንጋይ አይታዋለች፤ ተጫውታበታለች፤ አንድም ቀን ግን ልብ ብላ አላየችውም።

ድንጋዩን እንደያዘች ወደ እናቷ ዞረች።

«አንቺ ነሽ፤» አለች።

«እንግዲህ ቡዳ አይደለም፤» አለች እናት፤ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ።

«ተይ አንቺ፤» አለ አባት።

«ምን እተዋለሁ? ልጅህን አቧራ ሊያስጠርጓት ነው። ሰምተሃል አይደል? ነው ወይስ ማጉያ ለጆሮም ላምጣልህ?»

አባት ጋዜጣውን አጠፈ። በአራት አጠፈውና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ለልጁ ሳይሆን ለጋዜጣው የሚያወራ ይመስል ጀመረ።

«ሳል ይዞኝ ነበር። ሳንባ ምች መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከክንፉ ሥር የወርቁ ጫፍ ተነስቶ ነበርና ሙጫ ላገባለት ቢላዋዬን ከሥሩ አስገባሁ። ያን ጊዜ አሳለኝ። አንዴ ነው ያሳለኝ።» ጣቶቹን በተን አደረጋቸው። «ብን አለ። ግማሽ ቀን በሆዴ ወለሉን ስዳብስ ዋልኩ። ትንሿንም ቅንጣት አላገኘሁም። የአምስት መቶ ዓመት ሥራ በአንድ ሳል። ፎቶ አነሳሁት። 'ጉድለቱ እንዳለ እንዲቆይ' ብዬ ጻፍኩ። ያጎደልኩት እኔ መሆኔን ግን አልጻፍኩም። ወደ ቤት ሄድኩና ሁለት ሳምንት ተኛሁ።»

«ሲቃዥ 'ወፏን ገደልኳት' ነው የሚለው፤» አለች እናት። «ላብ በላብ ሆኖ፣ ወፏን ገደልኳት። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ስሰፋ ነው የምውለው። በበሩ ክፍተት ስንት ዓመት ሲሠራ አይቼዋለሁ መሰለሽ? ዘጠኝ ዓመት። ጀሶውን ስንት ቀን እንደሚያሽ፣ ማሩን በምን እንደሚለካ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ድንጋዩንም ቢሆን እሱ ተሸረፈ ብሎ ሲጥለው ነው ያነሳሁት። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ ገባሁና ሞላሁት። በሦስት ምሳ ሰዓት አለቀ።»

«እኔ ስመለስ ገጹ ሙሉ ነበር፤» አለ አባት። «ማን እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ። መፋቅ ነበረብኝ፤ ሕጉ ያ ነው። ቢላዋዬን አነሳሁ። አልቻልኩም። ዓይኔን ከየትም ባመጣው መጋጠሚያውን አላገኘውም ነበር። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ አልሠራሁም።»

እናት ቀና ብላ አየችው። ይህንን ከዚያ በፊት ሰምታው የምታውቅ አትመስልም።

«ስለዚህ ዝም አልክ፤» አለች ልጅ።

«ብናገር እሷም እኔም እንባረራለን። አንቺ ልትወለጂ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት አለፈ፣ አምስት ዓመት አለፈ። ኋላ ላይ ለመናገር ምክንያት አጣሁ።» ጋዜጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሳና ቆመ። «ዓርብ እመጣለሁ። እኔ ነኝ የሞላሁት ብዬ እጽፋለሁ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ከእኔ ምን ይወስዳሉ? ፎቶዬን ያውርዱት።»

«አባዬ፣ አንተ በቀኝህ ነው የምትሠራው።»

«እና?»

«ጭረቶቹ የግራኝ ናቸው። ያዩታል። መዝገቡ ላይ ደግሞ ውሸት ይገባል።»

«እንግዲያው ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ቆይ ቆይ፤» አለች እናት። መጋረጃውን ከጉልበቷ ላይ ገፋ አድርጋ ተነሳች። «የእኔን ሥራ ለምንድን ነው የምትወስደው? ሠላሳ ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ጭራሽ 'እኔ ነኝ' ልትል? አንተ ሰው፣ አታፍርም?»

አባት ጋዜጣውን ይዞ መልሶ ተቀመጠ። ጠጋኟ በዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሦስቱም አብረው መጡ። እናት ጥሩ ጫማዋን አድርጋለች፤ ድንጋዩን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛዋለች። አባት በሩ አጠገብ የተሰቀለውን የራሱን ፎቶ ሳያይ አለፈ። ውስጥ ኃላፊዋ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላትና ጠራዡ ነበሩ። ኃላፊዋ አባትን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች።

«ጋሼ! ምነው በደህና?»

«ለክስ ነው የመጣሁት፤» አለ አባት። «ተከሳሿ ይህች ናት።» እናትን አሳየ።

«ከሳሽ ማን ሆነና?» አለች እናት። «ወንበር አምጡልኝ፤ ዝቅ ያለ ይሁን።»

ጠጋኟ ያየችውን በጽሑፍ አዘጋጅታ ነበርና አነበበች፤ የጭረቶቹን አቅጣጫ፣ ቀጭኗን መስመር፣ ሦስቱን ቁራጮች፣ የአቧራውን ጥቁረት። ከዚያ ድንጋዩን ማን እንደያዘው ተናገረች። ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤» አለች። «ልጅዎን ለማዳን ብለው እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

«በምንም አታውቂም። ሥራ ስጪኝና እዪ።»

ይህ ይጠየቃል ብላ ጠጋኟ ቁራጭ ብራና ላይ የጀሶ ንጣፍ ቀብታ አድርቃ ነበር። እናት ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀጭን ሸምበቆ ሰጧት። ወርቅ በንጣፉ ላይ የሚይዘው ንጣፉ በትንፋሽ ሲረጥብና ውስጡ ያለው ማር ሲነቃ ነው፤ ቶሎ ካልተለጠፈ ይደርቃል። ጠራዡ ጠጋ ብሎ ሲያይ እናት በክርኗ ገፋ አደረገችው።

«ራቅ በል፤ ያንተ ትንፋሽ ከገባበት ወርቁ ይሸሻል።»

«እሺ፣ እሺ።»

«ፉ አይባልም፤» አለች ለማንም ሳይሆን። «ፉ ካልሽው ይበርደዋል። ሃ ነው የሚባለው። ከሆድ።» ሸምበቆውን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ረጅም ሃ አለች፤ ሸምበቆውን ጣለች፤ ስስ ወርቁን በብሩሽ አንስታ በአንድ ጊዜ አስተኛችው። በስስ ወረቀት ላይ በጣቷ ተጫነችው። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ የተሸረፈውን ድንጋይ በግራ እጇ ይዛ ከታች ቀኝ ወደ ላይ ግራ፣ ከታች ቀኝ ወደ ላይ ግራ። ወርቁ መጀመሪያ ደብዛዛ ነበር፤ እየቆየ የመስኮቱን ቅርጽ ማሳየት ጀመረ።

ኃላፊዋ ቁራጯን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። ቀጥላም አሥራ አራተኛውን ቅጠል። መልሳ ቁራጯን። ከጭረቱ እስከ ቀጭኗ መስመር ያለውን ርቀት ሁለቱም ላይ ለካች። ጠራዡንና የኮሚቴ አባላቱን አንድ በአንድ አስጠግታ አሳየቻቸው። ሁሉም አይተው ሲጨርሱ ወደ እናት ዞረች።

«ድንጋዩ አንድ ነው። እጁም አንድ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አሁን በአንድ ቁራጭ ነው የሠሩት። ያንን ለምን በሦስት አደረጉት?»

ጠጋኟም አንገቷን አስግጋ መልሱን ጠበቀች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልጠየቀቻትም ነበር።

«ትንፋሽ አጥሮኝ ነዋ፤» አለች እናት። «ስምንተኛ ወሬ ነበር። ይህች»፣ በአገጯ ልጇን አሳየች፣ «ሳንባዬን በተረከዟ ረግጣ ይዛዋለች። አንዴ ሃ ስል ሩቡን አልሸፍንም። በአንድ ምሳ ሰዓት አንዲት ቁራጭ፤ ከዚያ ሄጄ መቀመጥ ነው።»

ጠራዡን ሳቁ አመለጠው። «ግራዬ! እዚያው ነበርሽ ማለት ነው? እንዲህ ከሆነማ ተባባሪ ነሽ!»

ኃላፊዋም ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ወደ አባት ስትዞር ፈገግታዋ ጠፋ።

«ጋሼ፣ 'በወርቅ አትሙሉ' ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ጊዜ ቀለሙን ትንሽ አሳምሬ ሞላሁና አስፍቀውኛል። አልቅሻለሁ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ይህንን እያወቁ ነበር?»

«ይህንን ስለማውቅ ነው ያስተማርኩሽ፤» አለ አባት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ያልተጻፈ ያማረ ጥገና ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። እኔ ራሴ የጥንቱ የቱ እንደሆነ ጠፍቶኛል። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ሞተው ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ ልጄም ባልሠራችው ትቀጣ ነበር።» ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ወርቁን ያጎደልኩት እኔ መሆኔን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ሳሉንም፣ ቢላዋውንም። መዝገቡ ውስጥ ይግባ። ፎቶዬን ደግሞ አውርጂው።»

ኃላፊዋ ወረቀቱን አነበበች። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«ፎቶው ባለበት ይቆያል፤» አለች። «ይህ ወረቀት መዝገቡ ውስጥ ይገባል። የተሞላው ወርቅ ቢፋቅ ከሥሩ ያለው ብራና ይጎዳልና ባለበት ይተዋል። ኤግዚቢሽኑ ላይ ከገጹ ሥር ጥገና መሆኑ ተጽፎ ይወጣል።» ወደ ጠጋኟ ዞረች። «መዝገቡን አንቺ ጻፊ። ጠረጴዛሽ ነው።»

ጠጋኟ እፎይ አላለችም፤ ጊዜ አልነበራትም። መዝገቡን ከፍታ ብዕሯን አነሳች። የቅጠሉን ቁጥር፣ የጉድለቱን ቁመትና ስፋት፣ የንጣፉን ዓይነት ጻፈች። «ያጎደለው» በሚለው ፊት የአባቷን ስም፣ «የጠገነው» በሚለው ፊት የእናቷን ስም ጻፈች። እናቷ ከኋላዋ ቆማ የአባትን መነጽር ተውሳ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታነባለች። ሙያ በሚለው ፊት ልጇ «ብራና ሰፊ» ብላ ስትጽፍ ራሷን ነቀነቀች፤ እውነት ነው።

ከዚያ ጠጋኟ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ወርቁ የተለጠፈው በሦስት ቁራጭ ነው። ምክንያቱም የጠጋኟ ትንፋሽ አጭር ስለነበረ ነው።»

«እሱማ ስህተት ነው፤» አለች እናት።

«ምኑ?»

«ትንፋሼ አጭር አልነበረም። ለሁለት የሚካፈል ነበር።»

ጠጋኟ ብዕሯን ይዛ አሰበች። የተጻፈውን አየች፤ እናቷን አየች። ያለችው ይበልጥ ትክክል ነው። «አጭር ስለነበረ» የሚለውን ደንቡ እንደሚያዘው በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘች፤ ከጎኑ ፈረመች፤ ከበላዩም «ለሁለት ይካፈል ስለነበረ» ብላ በግራ እጇ አስተካክላ ጻፈች።